ካርታው ላይ የሌለው ቦይ

ሚጢጢ የሚለው ስም የወጣላት ገና ስትወለድ፣ ከእናቷ ክርን እስከ መዳፋቸው ብቻ በነበረች ጊዜ ነው። አሁን አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። በሁለት እጇ ሁለት የሞሉ የወተት ጣሳዎች አንጠልጥላ ከበረት እስከ መኪና መንገዱ ሳታርፍ ትሄዳለች፤ አስራ ዘጠኝ ላሞች ድምጿን ሲሰሙ ጆሯቸውን ያቆማሉ። ቤተሰቡ ግን ሚጢጢ ብሎ ለምዷል፣ ሰፈሩም ከቤተሰቡ ሰምቶ ለምዷል። እሷም ብትሆን በመዝገብ ስሟ የጠራት ሰው ካለ ዞር ብላ ሌላ ሰው ትፈልጋለች።

አባቷ ደግሞ ኢንጂነሩ ናቸው። ትምህርት ቤት የቆዩት አራት ዓመት ብቻ ነው፤ ከአራቱም አንዱ የደገሙት ነው ይባላል። ኢንጂነር ያሰኛቸው ቦዩ ነው። ስለ ቦዩ ሳይነሳ ደግሞ ስለ ሰውዬው ማውራት አይቻልም፤ ቢቻል ኖሮ እሳቸው ራሳቸው ይሞክሩት ነበር።

ከአርባ ዓመት በፊት የእርሻው ግማሽ ረግረግ ነበር። ዝናብ ሲጥል በረቱ ውሃ ይይዛል፣ የላሞቹ ኮቴ ይበሰብሳል፣ ከቤት ወደ በረት የሄደ ሰው ጫማውን ጭቃ ውስጥ ትቶ በባዶ እግሩ ይመለሳል። አባቷ በሁለት በጋ፣ በአንድ አካፋ፣ በገመድና ውሃ በተሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ከበረቱ ጀርባ እስከ ወንዙ ድረስ ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ቦይ ቆፈሩ። መለኪያቸው ቱቦው ነበር። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን ጫፍ እናቷ ይይዛሉ፤ በሁለቱም በኩል ውሃው የቆመበትን እያዩ መሬቱ የት ዝቅ፣ የት ከፍ እንደሚል ያውቃሉ። ቦዩ ሲያልቅ እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ቁጭ አለ። ረግረጉ ደረቀ፣ ላሞቹ ዳኑ። ጎረቤት መጥቶ አየና «ለኔም» አለ፤ የጎረቤት ጎረቤትም እንዲሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ በወንዙ ዳር ባሉ አስራ አንድ ሌሎች እርሻዎች ላይ አስራ አንድ ቦይ ቆፈሩ። ቀጥ ያላለ አንድም የለም።

«በረቴ ውስጥ የተደፋ ውሃ፣» ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «አንድ ሲጋራ ተጨሶ ሳያልቅ ወንዝ ይገባል።» ሲጋራ በሕይወታቸው አጭሰው አያውቁም። እንግዳው ግን ምን ጊዜም ተደንቆ ነው የሚሄደው።

ዘንድሮ ታዲያ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ የወንዝ ዳር ገበሬዎችን ሰበሰበ። ከእርሻዎቹ በታች ያለችው ከተማ የምትጠጣው ይህንኑ ወንዝ ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የከተማው ቧንቧ ቡናማ ውሃ ያወርዳል፣ ይሸታል፤ ማጣሪያ ጣቢያው ቀናት ሙሉ ይዘጋል፣ ልጆች ሆዳቸውን ይታመማሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ እርሻ እቅድ ያውጣ ተባለ። ፍግ የት እንደሚከመርና መቼ እንደሚበተን፣ ከብት የት እንደሚጠጣ፣ ከወንዙ ዳር ምን ያህል መሬት ሣር ሆኖ እንደሚተው፣ ሁሉም ከነካርታው በወረቀት ይቅረብ። እቅዱ ያልተፈረመለት ሰው ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ በወንዝ ዳር ከብት ማርባት አይችልም።

ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ ሚጢጢ ደስ አላት። እንዲህ ያለ ሥራ ትወዳለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእራት በፊት የማድ ቤቱን ጠረጴዛ እየጠረገች በባለ ቀለም እርሳስ ሳለች። ቤቱን፣ በረቱን፣ አዲስ የምታስገነባውን የፍግ ጉድጓድ ከነክዳኑ፣ ላሞቹ ወንዝ እንዳይወርዱ የሚጠጡበትን ገንዳ፣ የእናቷን የጎመን መደብ፣ የዶሮ ቤቱን ሳይቀር አስገባች። ከበረቱ ጀርባ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ።

ታውቃለች። በየዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በዚያ ቦይ ምን እንደሚወርድ በዓይኗ አይታለች። እበቱ፣ ሽንቱ፣ ከማሳው የታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ሁሉም አረፋ ደፍቆ፣ ማንም ሳያስቆመው፣ ቀጥ ብሎ ወንዝ ይገባል። ካርታው ላይ ካገባችው ከጽሕፈት ቤቱ ሊጎበኝ የሚመጣው ባለሙያ ቀይ እስክሪብቶ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ያኔ አባቷን አንድ የማያውቃቸው ሰው በገዛ ግቢያቸው ቆሞ፣ ዕድሜ ልክዎን የኮሩበት ነገር ከእርሻው ሁሉ የቆሸሸው ነው ይላቸዋል። ሚጢጢ የአባቷ ቅስም ሲሰበር ከማየት አስራ ዘጠኙንም ላሞች ብትሸጥ ይሻላት ነበር። አረንጓዴውን እርሳስ አነሳችና ቦዩ ባለበት ሣር ቀባች።

የጉብኝቱ ቀን ሐሙስ እንዲሆን የመረጠችውም እሷ ናት። ሐሙስ አባቷ መኖ ሊያስፈጩ ወፍጮ ቤት ይሄዳሉ። በዚያ ሐሙስ ግን ላሞቹ ገና ሳይታለቡ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው የግቢው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ወፍጮ ቤት አትሄድም እንዴ፣ አባዬ?»

«እርሻዬን ሊያይ ሰው መጥቶ እኔ ወፍጮ ቤት? ምን ሆነሻል አንቺ?»

ባለሙያው የጎማ ቦቲ ያጠለቀ፣ በቦርሳው ትናንሽ ጠርሙሶች የያዘ ትሁት ወጣት ነው። የፍግ ጉድጓዱን ቦታ አይቶ ወደደው፤ ገንዳውንም ወደደው። «እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ካርታ ነው» ሲል ሚጢጢ ፊቷ በራ። ጉብኝቱ እዚያ ላይ ቢያበቃ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

«ዋናውን መቼ አየህና ልጄ፣» አሉ አባቷ ክንዱን ይዘው። «ና።»

ሚጢጢ ተከተለቻቸው። ኢንጂነሩ ከበረቱ ጀርባ ቦዩ አፍ ላይ ቆሙ፤ አንድ ባልዲ ውሃ አስመጡ፤ አንድ እፍኝ ገለባ በተኑበትና ባልዲውን ደፉት። «አሁን ወደ ወንዙ እንሂድ፤ ማን እንደሚቀድም ታያለህ።» ጠዋት በረቱ ሲታጠብ የወረደው ውሃ ገና እየሮጠ ስለነበር ገለባው ተሳፍሮበት ሄደ። ሦስቱም በቦዩ ዳር ፈጠን ፈጠን ብለው ወረዱ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ገለባው ቀድሟቸው ውሃው ላይ እየተሽከረከረ ነበር።

«አየህ?» አሉ አባቷ። «አንድ ሲጋራ ተጨሶ ሳያልቅ።»

ባለሙያው ገለባውን አየ፤ ገለባው ዙሪያ የተንሳፈፈውን አረፋም አየ። ከዚያ ካርታውን ዘረጋና ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። «አባቴ፣ ይህ ቦይ እዚህ ላይ አልተሣለም» አለ በቀስታ።

አባቷ ወረቀቱን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት። ቤቱን አገኙት። በረቱን አገኙት። ጣታቸው ዞሮ ዞሮ ዶሮ ቤቱ ላይ አረፈ። «ሚጢጢ፣» አሉ፣ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ሳይሆን ቅሬታ ነበር፣ «ዶሮ ቤት ስትሥይ ቦዬን ረሳሽው?»

ረሳሁት ብትል ያበቃ ነበር። ምላሷ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ባለሙያው ዓይን ዓይኗን ያያል፣ ገለባው እዚያው ይሽከረከራል፣ አባቷም መልስ ይጠብቃሉ። አባቷ ዋሽተዋት አያውቁም።

«አልረሳሁትም፣ አባዬ። ሆን ብዬ ነው የተውኩት።»

«ለምን?»

«ወንዙን የሚያቆሽሸው እሱ ስለሆነ።»

አባቷ ወረቀቱን አጣጥፈው ለባለሙያው መለሱ፤ በቦዩ ዳር፣ እንደመጡት ሳይሆን በዝግታ፣ ወደ ቤት ወጡ። ከኋላ ሲያዩአቸው ኮቱ የሰፋቸው መሰለ።

ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። «አስር ቀን አለዎት» አላት። «በአስራ አንደኛው ቀን አዳራሽ ውስጥ ሁላችሁም ካርታችሁን ታቀርባላችሁ። ቦዩ መግባት አለበት። ያለ እሱ ልፈርም አልችልም።»

ሦስት ቀን ኢንጂነሩ ከሰው ጋር አልተነጋገሩም። ላሞቹን ያናግራሉ፣ ውሻውን ይሰድባሉ፤ ሚጢጢ ስትገባ ግን ኮፍያቸውን አንስተው ይወጣሉ። ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። እናቷ ምሳ እያቀረቡ ተነፈሱ። «አርባ ዓመት ቦይ፣ ቦይ ሲለኝ ጆሮዬ ደነቆረ ስል ነበር። አሁን ዝም ሲል ናፈቀኝ።»

በአራተኛው ቀን የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። ከሰዓት በኋላ ሲያባራ ሚጢጢ በረቱን ልታይ ወጥታ አባቷን ወንዙ ዳር ጎንበስ ብለው አየቻቸው። መጀመሪያ የወደቁ መስሏት ልትሮጥ ነበር። ቀና ሲሉ ግን እጃቸው ላይ ብርጭቆ አየች። ከቦዩ በላይ ከወንዙ ቀዱ፤ ሁለተኛውን ከቦዩ አፍ፤ ሦስተኛውን ከቦዩ በታች። ሦስቱን ብርጭቆዎች እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው ይዘው ወጡና ማድ ቤቱ መስኮት ላይ ደረደሯቸው።

«ብርጭቆዎቼን!» አሉ እናቷ።

«ዝም በይ፣ ይዝቀጥ» አሉ አባቷ። ከሦስት ቀን በኋላ ለሰው ያወጡት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

ወንበር ስበው መስኮቱ ፊት ተቀመጡ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ቀስ በቀስ ጠራ፤ ከሥሩ ጣት የማይሞላ ደለል ብቻ ቀረ። መካከለኛው እንደ ወፈረ ሻይ ሆኖ ቀረ፤ አረፋው ጠርዙ ላይ ደረቀ፣ ሽታው ማድ ቤቱን ሞላው። ሦስተኛው ሁለቱን ይመስል ነበር፤ ከሁለቱ ግን ወደ መካከለኛው ያደላል። አባቷ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ እያዞሩ ሲያዩ ሲያዩ ቆዩ። ሚጢጢ ከበሩ አጠገብ ቆማ ታያቸው ነበር።

«እኔ ሁልጊዜ የማየው ውሃው ከኔ ግቢ ሲወጣ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ዞር ሳይሉ። «ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ግቢ እንደሚገባ አስቤው አላውቅም። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ታዝናለህ ብዬ ነው።»

«አዝኛለሁ እኮ። ሦስት ቀን አዝኛለሁ፣ በቃ።» ተነሱ። «ካርታሽን አምጪና እርሳስ ስጪኝ። አረንጓዴውን አይደለም።»

የሰጠቻቸውን ጥቁር እርሳስ ቀርጸው፣ ማስመሪያ አስጠግተው፣ ቦዩን ከበረቱ ጀርባ እስከ ወንዙ ድረስ ሳሉት። ጠማማ መሥመር ሥሎ ማሳየት ለእሳቸው ነውር ነው። ከዚያ እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰክተው በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር።

«ከበረቱ የሚወጣው ውሃ ቦዩ ውስጥ ጭራሽ አይገባም፤ በቧንቧ ወደ ፍግ ጉድጓድሽ ይሄዳል። የቦዩን አፍ እዚህ እደፍነዋለሁ። ከማሳው የሚመጣውን ደግሞ ሩጫውን እናስጥለዋለን። እዚህ አንድ ጊዜ ይጠመዘዛል፣ እዚህ ሁለተኛ። ታችኛው ጥግ ላይ መሬቱ በራሱ ዝቅ ይላል፤ እዚያ ሰፋ ያለ፣ ጉልበት የማይደርስ ኩሬ እንሠራና ሸንበቆ እንተክልበታለን። ውሃው እዚያ ይተኛል፤ ዝቃጩን ጥሎ፣ ጠርቶ ይወጣል። ውሃን ያስሮጠ ሰው ማስተኛት ያቅተዋል?»

ሚጢጢ ሳቀችም አለቀሰችም፤ የትኛው እንደቀደመ እሷም አታውቅም። በማግስቱ ያ የድሮ የላስቲክ ቱቦ ከጣሪያ ሥር ወርዶ ታጠበ። አንዱን ጫፍ አባቷ ያዙ፣ ሌላውን ሚጢጢ። ስድስት ቀን ለኩ፣ ካስማ ተከሉ፣ ተጨቃጨቁ። መመሪያው ከወንዙ ዳር አስር እርምጃ ሣር ይበቃል ይላል። አባቷ ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ።

«ወንዙ የትኛው ነው? የበጋው ወይስ የክረምቱ?» ብለው አንድ ዛፍ ጋ ወስደው ቅርንጫፉ ላይ የተጠለፈ የደረቀ ጭራሮ አሳዩአት። «ይህንን ወፍ መስሎሻል ያመጣችው? ክረምት ላይ ውሃው እዚህ ይደርሳል። የሚለካው ከዚህ ነው።» እንደዚያ ከተለካ ሣር የሚሆነው መሬት የእርሻው ምርጥ ማሳ ነበር፤ በገዛ እጃቸው ድንጋዩን የለቀሙት ማሳ። ሚጢጢ ይህን ስታነሳባቸው፣ «አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የለቀምኩት» ብለው ካስማውን መቱት።

አንድ ክርክር ደግሞ እሷ አሸነፈች። አባቷ ፍግ የሚበትኑት ሁልጊዜ ዝናብ ሊጥል ሲያንዣብብ ነው፤ ዝናቡ አፈር ውስጥ ያስገባልኛል ይላሉ። ሚጢጢ ምንም አልተናገረችም፤ ወደ መካከለኛው ብርጭቆ ብቻ ጠቆመች። «እሺ፣» አሉ አባቷ፣ «ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ቡቃያው ብቅ ሲል ይሁን። ጻፊው።» ጻፈችው።

በአስራ አንደኛው ቀን አዳራሹ ሞልቷል። ባለሙያው የአስራ ሁለቱን እርሻዎች ካርታ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ለጥፎታል። ኢንጂነሩ ያንኑ ኮት ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከመጀመሪያው ካርታ ጀምረው አንድ በአንድ ማየት ያዙ። የሽንኩርት አምራቹን አዩ፤ ቦዩ መሆን ባለበት ቦታ የእግር መንገድ ተሥሏል። የንብ አርቢዋን አዩ፤ እዚያ ደግሞ የዛፍ ረድፍ አለ። ሦስተኛው አጥር ነው። አራተኛው እንደ ሚጢጢ ሣር ነው። አስራ አንዱንም አዩ። ከገዛ ልጃቸው ካርታ በቀር ቦይ ያለበት አንድም ካርታ አልነበረም።

ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ሚጢጢ የአባቷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየችና ደንግጣ ተነሳች። ሲዞሩ ግን እየሳቁ ነበር፤ እንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ።

«ተማክራችሁ ነው?» አሉ።

ማንም ከማንም አልተማከረም። ንብ አርቢዋ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ጋሼ፣» አለች፣ «እርስዎ የቆፈሩልኝን ቦይ በየትኛው አፌ ቆሻሻ ያወርዳል ልበል?»

«እናንተ እኔን አከበራችሁ፤ ክብሩን ይስጣችሁ» አሉ አባቷ። ከኮታቸው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ የዚያ የመካከለኛው ብርጭቆ ውሃ ነው፣ እስከ ዛሬም አልጠራም። «ከተማው የሚጠጣው ይህንን ነው። ይህ ከኔ ቦይ የወጣ ነው። የናንተዎቹን እኔው ስለቆፈርኳቸው ከዚህ እንደማይሻሉ አውቃለሁ። እርሳስ ያለው?»

ሚጢጢ ሰጠቻቸው። ከካርታ ወደ ካርታ እየሄዱ፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ አስራ አንዱንም ቦይ በቃላቸው ሳሉት። «የአንተ መቶ ሰባ ሁለት እርምጃ ነው፤ መጨረሻው ላይ ቋጥኝ ገጥሞኝ አንድ ሳምንት በልቶብኛል። የአንቺ ታችኛው ጫፍ ላይ ይሰምጣል፤ ኩሬው እዚያ ይሠራል። የእናንተ…» ባለቤቶቹ እንኳ የማያስታውሱትን ያስታውሳሉ። ባለሙያው እስክሪብቶውን ዘግቶ ኪሱ ከተተ፤ ቀይ እስክሪብቶ የሚያስፈልገው ነገር አልቀረም ነበር።

«እነዚህን ሁሉ ማን ያስተካክላቸዋል?» ብሎ ጠየቀ።

«የቆፈራቸው አልሞተም» አሉ ኢንጂነሩ። ከዚያ ወደ ሚጢጢ በአገጫቸው ጠቆሙ። «እቅዱን የምታወጣው እሷ ናት። እኔ የቱቦው አንድ ጫፍ ነኝ።»

ሚጢጢ ያን ቀን የኮራችውን ያህል ኮርታ አታውቅም። ካርታዋ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ አይደለም፤ መጀመሪያ ስለተፈረመለትም አይደለም። በሰው ሁሉ ፊት አንገታቸውን ቀና አድርገው ተሳስቻለሁ ያሉት ሰውዬ አባቷ ስለሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቅስሙ ይሰበራል ብላ በሣር ስትሸፍነው መሰንበቷ አሳፈራት።

በሚቀጥለው ክረምት ከሌላ ወንዝ የመጡ ገበሬዎች ሊጎበኙ መጡ። አባቷ ተላጭተው፣ ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው የግቢው በር ላይ ጠበቋቸው። ስለ ጉድጓዱና ስለ ገንዳው ሚጢጢ አስረዳች። ከዚያ ኢንጂነሩ እንግዶቹን ከማሳው ግርጌ፣ ቦዩ አዲስ ከሚጀምርበት ቦታ ወሰዷቸው፤ አንድ ባልዲ ውሃ አስመጡ፣ አንድ እፍኝ ገለባ በተኑበት፣ ባልዲውን ደፉት። ሰው ሁሉ ተከትሏቸው ወደ ወንዙ ወረደ። ሸንበቆው ከሰው ቁመት በልጧል፤ ከኩሬው የሚወጣው ውሃ ቀጭን ነው፣ ጠጠሩን ያሳያል።

ቆሙ። ጠበቁ። ገለባው የለም። አንዱ እንግዳ ሰዓቱን አየ፤ ሌላው አንገቱን አስግጎ ወደ ላይ ተመለከተ። እናቷ ከኋላ ሆነው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«መቼ ነው የሚደርሰው ታዲያ?» አለ ሰዓቱን ያየው ሰውዬ።

ኢንጂነሩ ደረታቸውን ነፉ። «ውሃው ነገ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል» አሉ። «ገለባው አይመጣም።»